በድሎኝ ለእግዚአብሔር ብቻ ንስሐ ገባ፤ የኔስ?

ደብተር ያዥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከአንድ ሰው ጋር በሽርክና እንሠራ ነበር። ሂሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ደንበኛ የሚያናግረውና ገንዘብ የሚሰበስበው እሱ። ከጊዜ በኋላ ደረሰኙና ደብተሩ አልገጥም አለኝ። ስጠይቀው ዛሬ ነገ ሲለኝ ቆየና አንድ ቀን ስልኩን ቀይሮ ጠፋ። ድርሻዬ አብሮት ሄደ። ለሥራው ብዬ ከሰው የተበደርኩትን ደግሞ ብቻዬን ከፍዬ ጨረስኩ።

ሰሞኑን ጓደኛዬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰውዬው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ሌባ ነበርኩ፣ አታላይ ነበርኩ፣ ሰው አስለቅሻለሁ፣ አሁን ግን ጌታን የግል አዳኜ አድርጌ ተቀብያለሁ፣ ኃጢአቴ ሁሉ ተደምስሷል ይላል። "ሰው አስለቅሻለሁ" ሲል ድምፁ ይቆራረጣል፣ መሐረብ ያወጣል፣ ከዚያ ፈገግ ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያስለቀሳት ሰው ግን ስልክ ቁጥሯ ያው ነው። የቀየረው እሱ ነው እንጂ እኔ አልቀየርኩም።

እኔም አማኝ ነኝ። ኃጢአት ይቅር እንደሚባል አምናለሁ፣ ራሴም የቆምኩት በዚያው ነው። ግን እንቅልፍ የነሳኝን ልጠይቃችሁ። እግዚአብሔር የኔን ዕዳ እኔን ሳይጠይቀኝ ይምራል? ሰውዬው የምር ድኗል? ከዳነስ፣ ይቅር ባልለው አሁን ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነው? "ለእግዚአብሔር ተዪው" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ እሱን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ።


ብሩህ ቀን፦

እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። ሕመምሽ ይገባኛል፣ ግን ይቅር በዪው። ሮሜ 8፥33 እግዚአብሔር የመረጣቸውን ማን ይከሳቸዋል ይላል። ጌታ ያጸደቀውን ሰው እኛ ማን ነንና እንይዘዋለን? በክርስቶስ የሆነ አዲስ ፍጥረት ነው፣ አሮጌው አልፏል። ያ የበደለሽ ሰው ሞቷል፣ አሁን ያየሽው ሌላ ሰው ነው። ተባረኪ።


ጠርጣሪው፦

ሌላ ሰው ከሆነ የወሰደውን ገንዘብ ማን ይዞት ነው ያለው?

ይቅርታ ወንድሜ፣ ግን እኔን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣኝ በትክክል ይሄ ዓይነት መልስ ነው። ሰው ሲበደል "ይቅር በል"፣ ሰው ሲበድል "ጌታ ይቅር ብሎሃል"። ሁለቱም ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ተበዳዩ ነው። በመስቀል ላይ ያለው ወንበዴ ታሪክ ሲሰበክ ሁሉም ሰው ያለቅሳል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት አስበኝ አለ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ ተባለ። በጣም ጥሩ። ያ ወንበዴ የዘረፈው ሰውዬስ? እሱን የጠየቀው አለ?

ዳዊትንም ጨምሩበት። የሰው ሚስት ወስዶ፣ ባሏን አስገድሎ፣ መዝሙር 51 ላይ "አንተን ብቻ በደልሁ" ይላል። ብቻ! ኦርዮ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? የሸሪክሽ ምስክርነት የዳዊት ግልባጭ ነው፣ ምንም አልተሳሳተም። እህቴ፣ ችግሩ ሰውዬው ጋ ሳይሆን ትምህርቱ ጋ ነው እላለሁ። ካጠፋሁ አርሙኝ።


ዳር ቋሚ፦

ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። በዕድሜም ከአብዛኞቻችሁ ሳልበልጥ አልቀርም፣ ስለዚህ ምክር ቢመስል አትዘኑብኝ።

ልጄ፣ መጀመሪያ ያንቺን ጥያቄ ትቼ ጠርጣሪው ያነሣውን ልያዝ፣ ምክንያቱም ያንቺም መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

"አንተን ብቻ በደልሁ" የሚለውን ብቻውን ካነበብከው ያልከው ልክ ነው። ግን የመዝሙሩን ርእስ እይ። ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ በገባ ጊዜ ይላል። ናታን ገብቶ ምን አለ? ሁለተኛ ሳሙኤል 12ን ክፈት። ስለ አንዲት በግ ምሳሌ ነግሮ ዳዊትን በራሱ ፍርድ ከያዘው በኋላ፣ ኦርዮን በሰይፍ መታህ፣ ሚስቱንም ወሰድህ ይለዋል። በስሙ ጠርቶ ነው። ሟቹ ስም አለው፣ እግዚአብሔር ፊት ስሙ ይነሣል። ዳዊት እግዚአብሔርን በድያለሁ ሲል ናታን እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም ይለዋል፣ ይሄ ምሕረት ነው፣ ወዲያው ነው፣ ቀጠሮ የለውም። ግን እዚያው ገጽ ላይ ሰይፍ ከቤትህ አይርቅም ተብሏል። ከዚያ በኋላ ያለውን የዳዊት ቤት ታሪክ አንብብ፣ አምኖን፣ አቤሴሎም፣ ሁሉንም። ምሕረት መጥቷል፣ ያደረገው ነገር ግን ያልተደረገ አልሆነም።

ታዲያ ለምን "አንተን ብቻ" አለ? እኔ የሚመስለኝን ልንገርህ። ዘሌዋውያን 6 መጀመሪያ ላይ አንድ ሕግ አለ። ሰው ባልንጀራውን ቢያታልል፣ አደራ ቢክድ፣ ቢቀማ፣ የጠፋ ነገር አግኝቶ ቢዋሽ ይላል። ደብተር ያዥ፣ ያንቺ ጉዳይ እኮ ነው፣ በቃ ሸሪክ የካደው አደራ። ሕጉ ይህን የሚጀምረው እንዴት መሰላችሁ፤ ሰው እግዚአብሔርን ቢበድል፣ ባልንጀራውንም ቢያታልል ብሎ። ባልንጀራን ማታለል ራሱ እግዚአብሔርን መበደል ነው። እግዚአብሔር የአንቺን ነገር የራሱ ነገር አድርጎ ነው የያዘው። ዳዊት የሰው በደል የለብኝም እያለ አይደለም፤ ያደረገው ከማን ጋር እንዳጣላው ገብቶት ነው።

ከዚያ ሕጉ ሲቀጥል ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመጀመሪያ የወሰደውን ሙሉውን ይመልሳል፣ አንድ አምስተኛ ይጨምርበታል፣ ለባለቤቱም መሥዋዕቱን በሚያመጣበት ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ነው አውራ በግ ይዞ ወደ ካህኑ የሚሄደው። ዘኍልቍ 5 ላይ ደግሞ የበለጠ የሚገርም ነገር አለ። ባለቤቱ ባይኖር፣ የሚቀበል የቅርብ ዘመድም ቢጠፋ፣ ዕዳው ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ ይሰጣል። ተቀባይ ስለጠፋ ሰውዬው ኪስ ውስጥ አይቀርም።

ስለዚህ፣ እግዚአብሔር እኔን ሳይጠይቀኝ ዕዳዬን ይምራል ወይ ብለሻል። በእርሱ ላይ የተሠራውን ይምራል፣ ለዚህ ማንንም አያስፈቅድም። ያንቺን ደብተር ግን አልቀደደውም። ሰውዬው ነጻ ነኝ ሲል ነጻ የወጣው ከፍርድ ነው እንጂ ካንቺ ስልክ ቁጥር አይደለም።


ጠርጣሪው፦

ዳር ቋሚ፣ ኦርዮ በስሙ መጠራቱን አላስተዋልኩትም ነበር። ግን የጠቀሱት በሙሉ ብሉይ ኪዳን ነው። ብሩህ ቀን አሁን መጥቶ "እኛ ከሕግ በታች አይደለንም" ይላል፣ ያኔስ?


ብሩህ ቀን፦

እላለሁ እንጂ :) ከሕግ በታች አይደለንም።

ግን ቁምነገር እናውራ። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው። "ካልመለሰ አልዳነም" ካልን መዳንን በገንዘብ ሸጥነው። ኤፌሶን 2፥8 በጸጋ በእምነት ድናችኋል፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ይላል። ሮሜ 10፥9 ኢየሱስ ጌታ ነው ብለህ በአፍህ ብትመሰክር፣ ከሙታን እንዳስነሣውም በልብህ ብታምን ትድናለህ ይላል። "ዕዳህን ከፍለህ ስትጨርስ" አይልም። መክፈል የማይችልስ? እስር ቤት ያለስ? ነገ የሚሞትስ? ወንበዴው አንድ ሳንቲም አልመለሰም፣ እጁ በምስማር ተቸንክሯል።


ዳር ቋሚ፦

በዚህ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። መመለስ የመዳን ዋጋ አይደለም። ዋጋ ቢሆን ማናችንም አንችለውም፣ ሁሉም ኃጢአት ሠርተዋል የሚለው ለሸሪኳ ብቻ የተጻፈ አይደለምና።

ግን ወንበዴው እጁ ተቸንክሮ ነበር አልክ፤ የሸሪኳ እጅ ግን ማይክ ይዟል።

አዲስ ኪዳን ከተባለ ሉቃስ 19 ላይ ያለው ዘኬዎስ አለ። ቀራጭ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ሀብቱም ከየት እንደመጣ ከተማው ያውቃል። ኢየሱስ የወሰድከውን መልስ አላለውም። ቤትህ ልዋል ነው ያለው፣ ሕዝቡ እያጉረመረመ። ጸጋው ቀደመ። ሰውዬው ግን ተነሥቶ ቆሞ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች፣ ያታለልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ያን ጊዜ ነው ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆነለት የተባለው። አራት እጥፍ! ሕጉ እኮ ለተናዘዘ ሰው ከአምስት አንድ ጭማሪ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ከሕግ በታች አይደለንም ማለት እንግዲህ እንደዚህ ነው፣ ወደ ላይ ነው የሚያልፈው እንጂ ወደ ታች አይደለም።

መጥምቁ ዮሐንስንም እዩት። ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ ሲላቸው ሕዝቡ ምን እናድርግ አለ፤ ሉቃስ 3 ነው። ሦስት ዓይነት ሰው ነው የጠየቀው፣ ሦስቱም የተመለሰላቸው ስለ ንብረት ነው። ሁለት ልብስ ያለው ያካፍል። ቀራጮች ከታዘዘላችሁ አትርፋችሁ አትውሰዱ። ወታደሮች ሰው አትቀሙ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ። አንድም ሰው ውጣና ስሜትህን ተናገር አልተባለም። ምስክርነት መስጠት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ንስሐ ኪስ ድረስ ካልወረደ ገና መንገድ ላይ ነው ባይ ነኝ።


የንስሐ ልጅ፦

እኔ ከሌላ ቤት ነኝ፣ ግን ጉዳዩ የሁላችንም ስለሆነ ልግባ።

በእኛ በኦርቶዶክስ፣ በካቶሊክም እንደዚያው፣ ኃጢአት ለካህን ይነገራል። ኢየሱስ ለሐዋርያት ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ይቀርላቸዋል ካለው፣ ዮሐንስ 20፥23፣ የመጣ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ ካህኑ ጋ ሄዶ ተናግሮ በቃ ይገላገላል" ይለናል። በጭራሽ። ሌብነት የተናዘዘ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል "መልሰሃል ወይ" የሚል ነው። ካልመለሰ መልስ ይባላል፣ ቀኖናውም ከዚያ ጋር ነው። ባለቤቱን በቀጥታ ማግኘት ካልቻለ በሌላ ሰው ይላክለታል። መፍታቱ ከእግዚአብሔር ነው፣ ግን እጁ ላይ የሰው ንብረት ይዞ እግዚአብሔር ይፍታህ እንዲባል የሚጠብቅ ሰው ካህኑን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያታልለው።

እዚህ ላይ የአደባባይ ምስክርነት ችግር ይታየኛል፣ አትቀየሙኝ። ጉባኤ ፊት "ሌባ ነበርኩ" ማለት ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ማንም "ከማን? ስንት?" ብሎ አይጠይቅም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማን፣ ስንት፣ መቼ ሲል ነው ላብ የሚያሰምጠው። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ ሲል ስም ያለው ኃጢአት ነው መቼም።


ብሩህ ቀን፦

የአደባባይ ምስክርነቱ ላይ ልክ ነህ/ነሽ፣ ልብ ነክቶኛል። በእኛም ቤት ጥሩ እረኛ ይህን ይጠይቃል። ሁሉም ይጠይቃል ብዬ ግን አልከራከርም።


መጽሐፍ ቆፋሪ፦

ይህ ጥያቄ እኮ አዲስ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት የከፈለ ነው። ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ የሰለቸው ይለፈው።

በ250 እ.ኤ.አ. የሮም ቄሣር ዳኬዎስ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ወረቀት ይሰጠዋል። ብዙ ክርስቲያን እየፈራ ሠዋ፣ አንዳንዱም ሳይሠዋ ወረቀቱን በገንዘብ ገዛ። ስደቱ ሲበርድ እነዚህ ሰዎች ተመልሰው መጡ። ተጸጽተናል፣ ተቀበሉን አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ያልሠዉ ነበሩ፣ ታስረው የተገረፉ፣ ዘመድ የሞተባቸው። እስቲ እነሱን ሁኑ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ወረቀት ገዝቶ ቤቱ ተኝቶ ከርሞ ዛሬ እኩል ሊቆርብ ነው።

የሮሙ ኖቫቲያን ቤተ ክርስቲያን እነዚህን መመለስ አትችልም አለ። የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስና አብዛኛው ግን ትችላለች አሉ፣ ነገር ግን ከረጅም ንስሐ በኋላ። ነጥቡ ይሄ ነው፤ ሁለቱንም ጽንፍ፣ ፈጽሞ አለመመለስንም ዝም ብሎ ወዲያው መቀበልንም፣ እምቢ አሉ። በ325 የኒቅያ ጉባኤ 11ኛው ቀኖና ላይ፣ በኋላ በመጣ ስደት ማንም ሳያስገድዳቸው ስለካዱ ሰዎች ምን እንደተባለ እዩ። ምሕረት አይገባቸውም፣ ግን ይደረግላቸው ይልና ሦስት ዓመት ቃሉን ብቻ ሰምተው ከሚወጡት ጋር፣ ሰባት ዓመት ወድቀው ከሚሰግዱት ጋር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከሕዝቡ ጋር እየጸለዩ። አሥራ ሁለት ዓመት። ከቪዲዮው ጭብጨባ ጋር አስተያዩት።

ሁለት ቀኖና ወረድ ብሎ ደግሞ፣ 13ኛው ላይ፣ ለሞት የተቃረበ ሰው ከለመነ ቁርባን አይከልከል ይላል። ያው የወንበዴው ነገር። አሥራ ሁለት ዓመቱ የይቅርታ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ይህን ሊሉ አይችሉም ነበር። ጊዜ ላለው ሰው ጊዜ፣ ጊዜ ለሌለው ምሕረት። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሌላ ደግሞ። እጅ አንሥቶ፣ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ያኔውኑ ተቀብያለሁ ማለት እንዲህ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነው፣ በተለይ ሰባኪው ቻርልስ ፊኒ በጉባኤዎቹ ስለ ነፍሳቸው የተጨነቁ ሰዎች ወጥተው የሚቀመጡበትን "የጭንቀት ወንበር" የሚባለውን ፊት ለፊት ካስቀመጠ ወዲህ። ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፣ ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ሕይወቱ ተቀይሯል። ግን የመዳን ሙሉ ሥዕል እሱ ብቻ ከመሰለን ዘኬዎስ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ይጠፋብናል።


ደብተር ያዥ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት። ዳር ቋሚ፣ "ያንቺን ደብተር ግን አልቀደደውም" ያሉኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን ሁላችሁም እሱ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው የነገራችሁኝ። እሱ ደግሞ እዚህ የለም። እኔስ? ሳይመጣ፣ ሳይጠይቅ፣ ሳይመልስ ይቅር ማለት አለብኝ? በሰላም ስውል ስውል ቆይቼ ሌሊት ላይ ያ መሐረብ ይመጣብኛል። አባታችን ሆይ ስደግም "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የምትለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል፣ ዘልዬ ነው የማልፋት።


ብሩህ ቀን፦

መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ችኮላ በዛበት፣ እሱን ተዪልኝ። የማቴዎስ 18ን ምሳሌ ብቻ ላንሣ። አሥር ሺህ መክሊት የተማረለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። የእኛ ለእግዚአብሔር ያለብን ዕዳ ከሰዎች ጋር ካለን ጋር አይወዳደርም። ይቅርታ የሚጀምረው እዚህ ይመስለኛል፣ "የደረሰብኝ ምንም አይደለም" ከማለት ሳይሆን "እኔም ተምሬ ነው የቆምኩት" ከማለት።


ዳር ቋሚ፦

እዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታልና። መቶ ዲናር ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ ዲናር በቀን ነው የሚከፈለው፣ ማቴዎስ 20 ላይ አለ። የመቶ ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ኢየሱስ ሳንቲም ብሎ ሊያቃልለው ይችል ነበር፣ አላደረገም። የተበደለው ሰው ያጣው ነገር እውነተኛ ነው። ደግሞም ያ ባለ ዕዳ ምን አደረገ? ወድቆ ለመነ፣ ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ አለ። ያንቺው ገና አልወደቀም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለይቼ እነግርሻለሁ። ማርቆስ 11፥25 ለጸሎት ስትቆሙ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ ይላል። እዚያ በዳዩ የለም፣ አንቺና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ። ይህ በቀልን ከእጅሽ ማስቀመጥ ነው፣ እንዲጠፋ አለመመኘት፣ ክፉውን አለመጠበቅ። ይህን ዛሬም መጀመር ይቻላል፣ ነገም ደግሞ እንደገና መጀመር ይኖርብሻል፣ አንዴ ተብሎ አያልቅም። ሉቃስ 17፥3 ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸትም ይቅር በለው ይላል። "ቢጸጸት" አለበት። "ገሥጸው"ም አለበት፣ እሱን ሁሉም ይዘለዋል። ይህኛው ከሰውዬው ጋር የሚደረግ ዕርቅ ነው፣ ለብቻሽ ልታደርጊው አትችዪም፣ አልተጠየቅሽምም። የመጀመሪያውን አድርገሽ ሁለተኛው ሳይሆን ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ያ ያንቺ ኃጢአት አይደለም።

ገንዘቤን መልስ ማለት ደግሞ ቂም አይደለም። ፊልሞናን አንብቢ፣ አንድ ገጽ ናት። ጳውሎስ አናሲሞስን ሲልከው ለፊልሞና "ዕዳውን እርሳው" አላለውም። በድሎህ ወይም ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እመልሳለሁ፣ በእጄ ጽፌአለሁ አለ። ዕዳው ዕዳ ሆኖ ነው ሌላ ሰው የተሸከመው። ወንጌሉም በአጭሩ ያ ነው መሰለኝ፣ በመስቀሉ ላይ ማንም ኃጢአትን ምንም አይደለም አላለውም።


ጠርጣሪው፦

ይህኛው ይገባኛል። ቤተ ክርስቲያን እያለሁ እንደዚህ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ግን አንድ ጥቅስ መምጣቱ ስለማይቀር ቀድሜ ላምጣው። ክስ ብትመሠርትስ? አንደኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ጳውሎስ "ብትበደሉ አይሻልምን? ብትታለሉ አይሻልምን?" ይላል። እኔ ይህን ጥቅስ ያየሁት ሁልጊዜ ለተታለለው ሰው ሲነበብ ነው።


መጽሐፍ ቆፋሪ፦

ቁጥር 7 ነው። ቁጥር 8ን አንብባት፣ "እናንተ ግን ትበድላላችሁ ታታልሉማላችሁ፣ ያውም ወንድሞቻችሁን" ነው የሚለው። ተግሣጹ ለአታላዩም ነው። ደግሞ ቁጥር 5 ላይ በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ ጠቢብ እንኳ የለም ወይ ብሎ ያሳፍራቸዋል። ማለት፣ ጉዳዩ እንዲታይ ነው የፈለገው፣ እንዲዳፈን አይደለም። ማኅበሩ ካልዳኘ ግን ያ ጥቅስ ተበዳይን ማፈኛ ነው የሚሆነው። ማኅበሩ አልሰማ ካለ ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት ነው ብዬ በበኩሌ አልደፍርም።


የንስሐ ልጅ፦

ማቴዎስ 5፥23 እና ማቴዎስ 18፥15ን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። በመጀመሪያው፣ መባህን ልታቀርብ መሠዊያው ጋ ደርሰህ ወንድምህ ባንተ ላይ ነገር እንዳለው ብታስብ፣ መባህን እዚያው ተወው፣ ሂድና ታረቅ ይላል። በዳዩ ይሂድ። በሁለተኛው ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ ውቀሰው። ተበዳዩ ይሂድ። ሁለቱም በየበኩላቸው ከተነሡ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ካልተነሣ ሌላው ይደርስበታል።

እህቴ፣ የሰውዬው ቤተ ክርስቲያን አሁን ይታወቃል አይደል? መጀመሪያ ለብቻው። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ። እነሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን። ቅደም ተከተሉን የሰጠው ራሱ ጌታ ነው። ቪዲዮው ሥር ኮሜንት ላይ መጻፍ ግን ከቅደም ተከተሉ ውስጥ የለም፣ እንደሚያምርሽ ግን አውቃለሁ።


ደብተር ያዥ፦

ኮሜንቱን ጽፌው ነበር። ሳልልከው አጠፋሁት :)

እሺ። ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፣ ለእሱ ብቻ። ስድብ የለበትም። ቪዲዮህን አየሁት፣ እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ማንንም ሰው የሚምር አምላክ ማረህ ብዬ አምናለሁ፣ አሁን ደግሞ ከኔ ጋር ያለህን ነገር እንጨርስ እለዋለሁ። ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንሥቼ አያይዛለሁ። በአንዴ ካልቻለ በየወሩ ይክፈል። ምንም ካልመለሰልኝ ጓደኛዬንና አንድ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።

"ደስ ይለኛል" የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ላይ ከበደችኝ። ትቼያት ላልፍ ነበር። ግን አላወጣኋትም፣ ትግባ።


ጠርጣሪው፦

ቁጥሩን ግን እንዳታሳንሺው። ሰው "ይቅር ብያለሁ" ሲል ቁጥር መቀነስ ይቀናዋል።


ብሩህ ቀን፦

ስትልኪው ንገሪኝ፣ እጸልያለሁ። ለሁለታችሁም።


ደብተር ያዥ፦

ቁጥሩ ሙሉ ነው። የዘሌዋውያኑን አንድ አምስተኛ ግን አልጠይቀውም።


ዳር ቋሚ፦

አትጠይቂው። ራሱ ጨምሮ ካመጣ ግን እንዳትመልሺበት።